የወል መስክና የግል ፈቃድ

ነጻነት የተባለውን ነገር የማይወድ ሰው በዓለም ላይ አይገኝም። ግዴታ የተባለውን ግን አብዛኞቻችን የምንወደው በሌላው ሰው ላይ ሲጣል ነው። ስለ ሁለቱ የጻፉት ፈላስፎችና የሕግ ሊቃውንት ቍጥራቸው ብዙ ሲሆን፣ ነገራቸውን የሚጀምሩት ከሰው ባሕርይ ወይም ከመንግሥት አመሠራረት ነው። ከሣርና ከከብት፣ ከዓሣና ከአየር ተነሥቶ ወደዚሁ ጥያቄ የደረሰ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ስለ እርሱ ልጽፍ ያሰብሁት ሊቅ ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነው። ስሙ ጋሬት ሃርዲን ይባላል፤ ሙያውም ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት እርስ በርሳቸውና ከሚኖሩበት ስፍራ ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚመረምረው፣ ፈረንጆች ኢኮሎጂ የሚሉት ትምህርት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሃርዲን በ1915 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በዳላስ ከተማ ተወለደ። ገና በአራት ዓመቱ የልጅነት ልምሻ ይዞት እግሩን ጐዳው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራ ለብዙ ዓመታት ካስተማረ በኋላ፣ በ1968 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር «ሳይንስ» በሚባለው መጽሔት ላይ ስድስት ገጽ የምታህል ጽሑፍ አወጣ። ርእሷን «የወል ሀብት አሳዛኝ ፍጻሜ» ብለን ብንተረጕመው ከሐሳቡ አንርቅም። ይህች ጽሑፍ በገጿ ትንሽ ብትሆንም ያስነሣችው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም።

ነገሩን የሚያስረዳው በምሳሌ ነው፤ ምሳሌውንም ዊልያም ፎርስተር ሎይድ ከተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ የ1833 ዓ.ም. ጽሑፍ እንደ ወሰደው ራሱ ተናግሯል። ለመንደሩ ሁሉ የተከፈተ፣ ደንብም ጠባቂም የሌለው አንድ የግጦሽ መስክ አለ እንበል። ስሌቱ ግልጽ እንዲሆን እኔ ቍጥር ልጨምርበት። መስኩ መቶ ከብት ይችላል፤ ባላገሮቹ ዐሥር ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ዐሥር ዐሥር ከብት አላቸው። ከዕለታት አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ፣ «አንዲት ጊደር ብጨምርስ?» ብሎ ያስባል። የጊደሪቱ ወተትም ሆነ ዋጋዋ ሙሉ በሙሉ የእርሱ ነው። በሣሩ ላይ የምታደርሰው ጉዳት ግን ለዐሥሩም ይከፋፈላልና ለእርሱ የሚደርሰው ከዐሥር አንድ እጅ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሰውየው በራሱ ሒሳብ ቢሄድ መጨመሩ ትርፍ አለው። ነገር ግን ሒሳብ የሚያውቀው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ጐረቤቱም፣ የጐረቤቱም ጐረቤት እንደዚሁ ያሰላሉ። መቶ የሚችለው መስክ መቶ ዐሥር፣ በሚቀጥለውም ዓመት መቶ ሃያ ይሸከማል። ሣሩ ከነሥሩ ይነቀላል፤ አፈሩ በዝናም ይታጠባል፤ በመጨረሻም የዐሥሩም ሰዎች ከብት ያልቃል።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው፣ ከባላገሮቹ አንዱም ክፉ ሰው አለመሆኑን ነው። የሌላውን አልሰረቁም፤ ወሰን አልገፉም፤ ሁሉም የተጠቀሙት በነጻነታቸው ብቻ ነው። የጥፋቱ ምክንያት የአንዱ ኀጢአት ቢሆን ኖሮ ኀጢአተኛውን መቅጣት በበቃ ነበር። ሃርዲን ያሳየው ግን ማንም ሳይበድል ሁሉ የሚጐዳበት መንገድ መኖሩን ነው። ዓሣ የሚያጠምዱ መንግሥታትን፣ ዝቃጩን ወደ ወንዝ የሚለቅ ፋብሪካን፣ ጭሱን ወደ ሰማይ የሚሰድ ባለ መኪናን በዚሁ መለኪያ ይለካቸዋል።

ከዚህ ተነሥቶ የሚሰጠው የሥነ ምግባር ትምህርት በመጀመሪያ ሲሰሙት እንግዳ ነው። የአንድ ሥራ ደግነት ወይም ክፋት በሥራው ብቻ ሳይሆን በተሠራበት ጊዜ ባለው ሁኔታ ይለካል ይላል። ሃርዲን ከጻፈበት ጊዜ መቶ ኀምሳ ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ ሰፊ ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው ባይሰን የተባለውን የዱር በሬ ገድሎ ምላሱን ብቻ ለእራቱ ወስዶ የቀረውን ቢጥለው፣ በዘመኑ ከነበረው ብዛት የተነሣ ማንንም አልጐዳም። ጥቂት ሺህ ብቻ በቀሩበት ዘመን ያንኑ ቢያደርግ ግን ሥራው የሚያስደነግጥ ነው። ደግና ክፉ በጽላት ላይ ተጽፎ እንደ ተሰጠ ለተማርን ለእኛ ይህ አነጋገር ጥርጥር ያሳድራል። ይሁን እንጂ ነገሩን በከተማችን ብንመለከተው ከምናስበው ይልቅ ቅርብ ሆኖ እናገኘዋለን። በገጠር በገዛ ደጁ በግ አርዶ ደሙን በመሬት ላይ የሚያፈስ ሰው በዓሉን አከበረ እንጂ ማንንም አላስቀየመም። ይኸው ሰው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በአራተኛ ፎቅ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቢያርድ ከታች ያሉት ጐረቤቶች ሁሉ ይከሱታል። ቢላዋው ያው ነው፣ በዓሉም ያው፤ የተለወጠው የጐረቤት ብዛትና ቅርበት ነው። እንግዲህ ሰው በበዛ ቍጥር ትናንት መብት የነበረው ነገር ዛሬ በደል ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሐሳቡ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያስቈጣ ነው። ሰዎች የጋራውን ሀብት እንዲጠብቁ ኅሊናቸውን መለመን ከንቱ ብቻ ሳይሆን ጐጂ ነው ይላል። ልመናውን ሰምቶ ከብቱን የሚቀንሰው ደጉ ሰው ሲሆን፣ እርሱ የተወውን ሣር የሚበላው የማይሰማው ሰው ከብት ነው። ስለዚህ ደጉ በገዛ ደግነቱ እየደኸየ፣ ሌላው እየበለጸገ ይሄዳል። ከዚህም በላይ ልመናው ራሱ ሁለት ድምፅ አለው። በግልጽ፣ «የታዘዝኸውን ባታደርግ ክፉ ዜጋ ነህ» ይለዋል፤ በሹክሹክታ ደግሞ፣ «ሌላው ሲበላ አንተ ቆመህ የምታይ ሞኝ ነህ» ይለዋል። ሰው በሁለት ድምፅ መካከል ሲቆም ልቡ ይታወካል።

ሃርዲን አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ለዚህ ማስረጃ ሩቅ ባልሄደ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለን ሰዎች ነንና። ጉቦን የምንኰንን እኛው፣ ሳይበላ የወጣውን ሰው በዚሁ ተረት እንስቅበታለን። ከአንድ በላይ በሆነ መሥሪያ ቤት እንደ ታዘብሁት፣ «የመንግሥት ነው» ማለት በብዙዎች አፍ «የማንም አይደለም» ማለት ሆኗል። በአንድ መሥሪያ ቤት ወረቀትና የመኪና ነዳጅ በቍጠባ እንዲያዝ ኅሊናን የሚማጸን ሰርኩላር በየዓመቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ሰርኩላሩ ራሱ ብዙ ወረቀት ከመፍጀቱ በቀር ያስገኘው ለውጥ አልታየም። በመጨረሻ እያንዳንዱ ክፍል የሚወስደው መጠን በመዝገብ ተጽፎ መዝገቡ ለሁሉ በሚታይበት ስፍራ ሲቀመጥ፣ ወረቀቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ መድረስ ጀመረ። የሠራተኛው ኅሊና በአንድ ሌሊት የተለወጠ አይመስለኝም።

ታዲያ ሃርዲን መድኀኒቱ ምንድን ነው ይላል? ተገዳጆቹ ራሳቸው ተመካክረው የተስማሙበት አስገዳጅነት ነው ይላል። ግብር የሚከፍል ሰው ግብርን ስለሚወድ አይከፍልም፤ መክፈል በፈቃድ ቢሆን ኖሮ ኅሊና የሌለው ብቻ እንደሚጠቀም ስለሚያውቅ ግዴታ መሆኑን ይቀበላል። በገበያ አጠገብ መኪና የማቆሚያው ስፍራ በሰዓት የሚያስከፍለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማንም እንዳያቆም አልተከለከለም፣ ብዙ የሚያቆም ግን ብዙ ይከፍላል። ባንክ መዝረፍን የከለከለ ሕዝብ ነጻነቱ አልተቀነሰበትም፤ ይልቁንም ገንዘቡን አስቀምጦ በሰላም መተኛትን የመሰለ ነጻነት አገኘ። በዚህ ላይ ሃርዲን የጀርመኑን ፈላስፋ የሄግልን ሐሳብ በመጥራት፣ ነጻነት ማለት የማይቀረውን ዐውቆ መቀበል ነው እስከ ማለት ይደርሳል።

እዚህ ድረስ በሐሳቡ አብዛኛውን እቀበለዋለሁ። ከዚህ በኋላ ግን ሌላ የኢኮሎጂ ሰው ጠርቼ ከእርሱ ጋር ላገናኘው እወዳለሁ። ይኸውም ከሃርዲን አንድ ትውልድ የሚቀድመው አልዶ ሊዮፖልድ ነው። ሊዮፖልድ እንደ ብዙዎቹ የዚህ መጽሔት አንባብያን የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ የደን አገልግሎት ካገለገለ በኋላ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በ1949 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ በታተመው መጽሐፉ፣ የሰው ግዴታ አስቀድሞ ሰው ለሰው፣ ቀጥሎም ሰው ለማኅበሩ እንደ ሆነ ካስረዳ በኋላ፣ ሦስተኛው ደረጃ ማለት ሰው ለአፈሩ፣ ለውሃው፣ ለዕፀዋቱና ለእንስሳቱ ያለበት ግዴታ ገና እንዳልተወለደ ይናገራል። ሰው የምድር አሸናፊ ጌታ ሳይሆን ከማኅበሯ አባላት አንዱ ነው ይላል።

ሊዮፖልድ የሚያቀርበው ማስረጃ ለሃርዲንም ለራሱም የሚያገለግል መሆኑ ያስገርማል። በዊስኮንሲን ግዛት አፈሩ በጎርፍ እየተጠረገ ሲሄድ፣ በ1933 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ለገበሬዎቹ፣ «አንዳንድ የአፈር ጥበቃ ሥራዎችን ለአምስት ዓመት ብትሠሩ የሠራተኛ ጕልበትና መሣሪያ እሰጣችኋለሁ» አላቸው። ገበሬዎቹም ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። አምስቱ ዓመት ሲያልቅ ግን የቀጠሉት ወዲያውኑ ለኪሳቸው ትርፍ የሚሰጠውን ብቻ ነበር። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ የግዛቱ ምክር ቤት፣ «ደንቡን ራሳችሁ ጻፉ፤ የሕግ ኀይል እንሰጠዋለን» የሚል ሕግ አወጣ። ዐሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አንድም ወረዳ አንድም ደንብ አልጻፈም ነበር! ሊዮፖልድ ከዚህ የደረሰበት ፍርድ፣ ኅሊና የሌለበት ግዴታ ትርጕም የለውም የሚል ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ሊቃውንት ፊት ለፊት አቁመን እንመልከታቸው። አንዱ ኅሊና ያለ ሕግ ደጉን ሰው ያስበላል ይላል፤ ሌላው ሕግ ያለ ኅሊና ወረቀት ሆኖ ይቀራል ይላል። ሃርዲን ሰዎች ተስማምተው ራሳቸውን ያስገድዱ ሲል፣ ለመስማማት በአንድ ዛፍ ሥር የሚሰበስባቸው ምን እንደ ሆነ አይነግረንም። በዊስኮንሲን ሥልጣኑ ተሰጥቶ ነበር፤ የጐደለው መጥቶ የሚቀመጠው ሰው ነበር። በእኔ አስተያየት ሕግ የኅሊና ልጅ ሲሆን፣ ካደገ በኋላ ደግሞ ወላጁን የሚጦር ልጅ ነው። ሊዮፖልድ ራሱ በ1948 ዓ.ም. በአፕሪል ወር የሞተው በጐረቤቱ እርሻ ላይ የተነሣውን የሣር ቃጠሎ ለማጥፋት ሲረዳ ልቡ በድንገት ቆሞ ነው። ማንም አላዘዘውም ነበር።

ከመጻሕፍት ወጥተን ወደ እውነተኛው መስክ ብንሄድ፣ የሃርዲን ምሳሌ አንድ ጕድለት ይገለጥበታል። በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ ቶርበል የምትባል መንደር አለች። የመንደሪቱ ሰዎች በ1517 ዓ.ም. በጽሑፍ ባቆሙት ደንብ፣ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልባቸው ከሚችለው ላሞች በላይ ወደ ወሉ ተራራ እንዳይሰድ ከለከሉ። ገለባውና ድርቆሹ የግሉ ስለ ሆነ፣ መስፈሪያው በገዛ ጐተራው ውስጥ ነበር። ደንቡ መንደሪቱን ለብዙ መቶ ዓመታት አገልግሏል። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ ይህንና ይህን የመሰሉትን ከጃፓን፣ ከእስፓኝና ከፊሊፒንስ ሰብስባ በ1990 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሰዎች ያለ መንግሥት ዱላና ያለ ግል ባለቤትነት የወል ሀብታቸውን ጠብቀው ለመኖር እንደሚችሉ አስረዳች። በ2009 ዓ.ም. በኤኮኖሚ ሊቅነት የኖቤልን ሽልማት በማግኘት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች።

የእኛም አገር ምስክር አላት። በመንዝ በጓሳ ደጋ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ሕዝቡ «ቄሮ» በሚባል ሥርዐት ለረጅም ዘመን ጠብቆት ኖሯል። መስኩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋና ሣሩ ሲደርስ ይከፈት ነበር፤ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ፣ የአጥፊውንም ቅጣት የሚያስፈጽመው ባለ መብቶቹ ራሳቸው የመረጡት «አባ ቄራ» የተባለው አለቃ ነበር። ዛሬ በዚያ ደጋ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታየው ያ መስክ ተጠብቆ ስለ ቈየ ነው። የመንዝ ባላገር ኢኮሎጂ የሚባል ትምህርት ሳይሰማ የተስማሙበትን አስገዳጅነት ሠርቶበታል። ሃርዲንም ትችቱ ሲበዛበት በ1994 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ አስቀድሞ ሊናገር የሚገባው ስለ ወል ሀብት ሁሉ ሳይሆን አስተዳዳሪ ስለሌለው የወል ሀብት እንደ ነበረ አምኗል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ደርሰናል። «ተስማምተው» ሲባል የሚስማሙት እነማን ናቸው? ሃርዲን የጻፈበት ዋና ጕዳይ የሣር ጕዳይ አልነበረም፤ የሰው ልጅ ብዛት ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በ1967 ዓ.ም. የልጆችን ቍጥር መወሰን የቤተ ሰብ መብት ነው ማለቱን አጥብቆ ይቃወማል፤ በነጻነት መውለድ የሁሉ ጥፋት ይሆናል ብሎ ያምናልና። (እርሱ ራሱ የአራት ልጆች አባት ነበር። ይህን የምጠቅሰው ሰውየውን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ደንብ ሰጪ ደንቡን ከራሱ ቢጀምር የተሻለ እንደሚሰማ ለማስታወስ ነው።) ነገር ግን አስገዳጅነቱ በሥራ ላይ በዋለበት ስፍራ የተገዳጆቹን ስምምነት የጠየቀ አልነበረም። በህንድ አገር ከ1975 እስከ 1977 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በነበረበት ወቅት፣ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች፣ ይልቁንም ድኾቹ፣ እንዳይወልዱ ሲደረጉ ብዙዎቹ በግድ ነበር። በዚያችው አገር በኬራላ ግዛት ግን ሴቶች ልጆች ስለ ተማሩና ሕፃናት መሞታቸው ስለ ቀነሰ፣ ያለ ግድ የሚወለዱት ልጆች ቍጥር ዝቅ አለ። የዓለም ሕዝብ በሃርዲን ዘመን ሦስት ቢሊዮን ተኩል ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከስምንት ቢሊዮን በላይ ነው። የእድገቱ ፍጥነት ግን ያን ጊዜ በዓመት ከመቶ ሁለት ገደማ የነበረው ዛሬ ከመቶ አንድ በታች ወርዷል። አብዛኛው የተገኘው በትምህርት ቤትና በክሊኒክ እንጂ በፖሊስ አልነበረም።

በ1974 ዓ.ም. ሃርዲን ከዚህ የባሰ ምሳሌ ይዞ ተነሣ። ሀብታም አገሮች እንደ ጀልባ ናቸው አለ፤ ስድሳ ሰው በምትይዝ ጀልባ ላይ ኀምሳ ሰዎች ተሳፍረዋል፤ በውሃው ውስጥ ደግሞ አንድ መቶ ሰዎች እየዋኙ አውጡን ይላሉ። ሁሉንም ብናወጣ ጀልባዋ ትሰጥማለች፤ ዐሥሩን ብቻ ብናወጣ ለክፉ ቀን የሚሆነው ስፍራ ያልቃል፤ ስለዚህ ማንንም አታውጡ፤ ለተራቡት አገሮች እህል መላክ የሚራቡትን ማብዛት ነው አለ። ይህ የተጻፈው የወሎ ሕዝብ በረኃብ ባለቀ ማግሥት ነውና፣ ኢትዮጵያዊ አንባቢ በቀዝቃዛ ልብ ሊያነበው አይችልም። እኔም አልሞክርም። ነገር ግን ቍጣን ትተን በገዛ ሚዛኑ ብንመዝነው እንኳ ይወድቃል። አማርትያ ሴን የተባለው ህንዳዊ የኤኮኖሚ ሊቅ በ1981 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በ1973 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ የነበረው እህል ከወትሮው እምብዛም አላነሰም ነበር፤ የወሎ ሰው የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው እህል ከወሎ እንኳ ወደ ሌላ ስፍራ ይጓዝ ነበር። የሰዉ ሞት የብዛቱ ውጤት አልነበረም። ከዚህም በላይ ሃርዲን የገዛ መሠረቱን አፍርሷል። በ1968 ዓ.ም. ተገዳጆቹ ይስማሙ ብሎ ነበር፤ በ1974 ዓ.ም. ግን በውሃው ውስጥ ያሉትን የጠየቃቸው የለም። የሚዋኘው ሰው ያልፈረመበት ውል ግዴታ ሊባል አይገባውም።

ዛሬ ደግሞ ምሳሌው ራሱ ተገልብጧል። በሰማይ ያለው የካርቦን ጋዝ ሃርዲን ሲጽፍ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 323 ገደማ ነበር፤ አሁን ከ420 በላይ ነው። ሰማዩ እውነተኛው የወል መስክ ሲሆን፣ ጊደር ሲጨምሩበት የኖሩት በጀልባዋ ላይ የተሳፈሩት ናቸው።

ሃርዲን አንድ ነገር በግልጽ ተናግሯል፤ ፍጹም ትክክል ያልሆነ ሥርዐት ከጠቅላላ ጥፋት ይሻላል ብሏል። የጓሳን ነገር እንደገና ያነሣሁት ስለዚህ ነው። የቄሮ ሥርዐት መብት የሚሰጠው አስቦና ጌራ ከሚባሉት ቀደምት አባቶች ተወልጄ አጽመ ርስት አለኝ ለሚል ሰው ብቻ ነበር፤ ዘሩን ለመቍጠር የማይችል ጐረቤት ሣሩን በሩቅ ያየው ነበር። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ዐዋጅ ይህን አጥር አፈረሰው። ከአጥሩ ጋር ግን ጥበቃውም ፈረሰና፣ ተከልክለው የኖሩት በገቡበት መስክ ላይ ጠባቂ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሰዎች እንደገና ተሰብስበው፣ ዘር ሳይቈጥሩ በየቀበሌው ተወካይ መርጠው፣ አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አቁመው መስኩን መዝጋትና መክፈት ጀመሩ። ሣሩ የሚታጨድበትን ቀን ዛሬ የሚወስኑት ሰዎች፣ አያቶቻቸው በአንድ ወገን አጥር የሠሩ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ከአጥሩ ውጭ የቆሙ ናቸው።